ዋሴን ያወረድሁበት ጥቅምት

ዘመኑ ሰማንያ አራት ዓመተ ምሕረት፣ እኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ደርግ ወድቆ ወረታ ከተማ አዲስ ወታደር ገብቷል። ውሃውም እንደ ልማዱ ክረምቱን ፎገራ ሜዳ ላይ ተኝቶ ከርሞ፣ ከመስቀል ወዲህ መሸሽ ጀምሯል።

አሁን በሰፈሬ ሽማግሌ ከሚባሉት አንዱ ነኝ። የከተማ ሰው ዕድሜዬን ሲሰማ ይስቃል። ጎንበስ ብሎ ሩዝ ሲያርም የኖረ ወገብ ከከተማ ሰው ወገብ ቀድሞ እንደሚያረጅ የሚያውቅ ያውቀዋል። ፊደልም ቢሆን ሦስተኛ ክፍል ደርሼ የተውሁት ነው። ቢሆንም ይህን ራሴ ጻፍሁት፤ ጽሕፈቱ ቢጣመምም ለሰው አላስጽፍም። በሌላ ሰው አፍ የተናገርሁት አንድ ጊዜ ነው፣ እሱ ይበቃኛል።

ያስታወሰኝ ሽታ ነው። ባለፈው ጥቅምት ጥጃ ጠፍቶብኝ ርብ ወንዝ ዳር ወረድሁ። ውሃ የሸሸበት ጥቁር ጭቃ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚያወጣው ሽታ አለ፤ የበሰበሰ ሣርና ዓሣ፣ እርጥብ አፈርም አንድ ላይ። አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ በዚያ ሙቀት ጥርሴ ተንቀጫቀጨ። ጥጃውን ትቼ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልሁ።

አባየ ወታደር ሆኖ ሄዶ፣ በሕይወት ይኑር አይኑር ሳናውቅ ዓመታት አልፈው ነበር። ጦሩ ሲበተን በሱዳን በኩል ዞሮ በሐምሌ ዝናብ ከቤት ደረሰ። ቀኝ እጁ ታጥፎ አልዘረጋ ብሏል። እማየ እልልታዋን ሳትጨርስ አንድ ነገር አስተዋለች፤ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ሳይሳለም አልፎ ነው የመጣው። በኪሱ ትንሽ ወንጌል ይዟል። አስመራ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አጠገቡ የነበረ ቁስለኛ እንዳነበበለት፣ ያ ቁስለኛ ሲሞት ወንጌሉ ለእሱ እንደቀረ ነገረን። "ጴንጤ ሆኖ መጣ" የሚለው ወሬ ቅዳሜን ሳይጠብቅ ይፋግ ገበያ ገባ።

ወረታ ውስጥ የአባየን ዓይነት ሰዎች ጥቂት ነበሩ፤ አብዛኞቹም የሌላ አገር ሰዎች። መምህር ታደሰ የሚባል ከደቡብ የመጣ አስተማሪ፣ አንዲት ነርስ፣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ሌሎችም ነበሩባቸው። መምህሩ በተከራያት ቤት ይሰበሰባሉ። በፊት ተደብቀው ነበር አሉ፤ መንግሥት ሲለወጥ ግን ሁሉም የወደደውን ያምልክ ስለተባለ፣ ሰው እያየ በርብ ወንዝ ሊያጠምቁ ቀን ቆረጡ። አባየም ከሚጠመቁት አንዱ ሆነ።

እማየ ያን ሰሞን ቤቱን በጩኸት አንድ አደረገችው። "በአርባ ቀንህ የተቀባኸው ሜሮን ሊታጠብ ነው!" ትለዋለች። እኔ ይህን በጆሮዬ ያዝሁ። ሜሮን ቅባት ነው፣ ቅባት ደግሞ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። የአባየ ሜሮን ሲለቅ አያለሁ ብዬ ወንዙ ዳር ሄድሁ። መምህሩና ሾፌሩ በግራና በቀኝ ይዘው አባየን ከውሃው ውስጥ ጨርሰው ሲያጠልቁት፣ ሰው ሁሉ እሱን ሲያይ እኔ የማየው ውሃውን ነበር። እውነትም ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት ብቅ አለ! "መጣ! የአባየ ሜሮን!" እያልሁ በዳርቻው ቁልቁል ተከትዬው ሮጥሁ። ማታ ይህን ስነግረው አባየ ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

"ሞኝ! የሾፌሩ ሱሪ ናፍጣ ነው!"

የሰፈሩ ልጆች ስም አወጡልኝ። "የዓሣው ልጅ" ይሉኛል። አንዱ ደግሞ "አባትህን ብርድ ከፈራ ወንዛዬ ይሂድ በለው፤ እዚያ ፍል ውሃ ነው፣ ፈጣሪ ራሱ አሙቆ አስቀምጦለታል" ይላል። ተደባድቤያለሁ። አንዳንዴም አሸንፌያለሁ።

እማየም ትነዘንዘው ነበር። "እሽ፣ ካልቀረልህ ራስህ ላይ ጠብ ቢያደርጉልህ ምን ነበረበት? ሰው ፊት እንደ ጉማሬ ከምትዘፈቅ!"

"ሽምብራ በትነሽ ሳይታረስበት ትተሽው ትገቢያለሽ?" አላት።

"ወፍ ይለቅመዋላ!"

"በይ እኔም መቀበሬ ነው። የሚቀበር ነገር ጨርሶ ነው እሚሸፈን።"

መምሬ አስረስ፣ የደብራችን ቄስ፣ አንድ ቀን አጥራችን ድረስ መጥተው ተሟገቱት። እኔ ከበረቱ ሆኜ እሰማለሁ።

"እኛም እኮ አጥልቀን ነው እምናጠምቅ፤ ያውም ሦስት ጊዜ! እናንተ ምን ጨመራችሁ?"

"ስለ ውሃውስ ከእርስዎ ጋር ጠብ የለኝም መምሬ። ውሃው ልክ ነው። የቀረው ሰውየው ነው።"

"የትኛው ሰውየ?"

"አማኙ። የአርባ ቀን ልጅ ከጡት በቀር ምን ያውቃል? መጀመሪያ ማመን፣ ከዚያ መጠመቅ።"

"ልጅህ ቢታመም፣ አድጎ ይወቀው ብለህ መድኃኒት ትከለክለዋለህ?"

መምሬ የረቱ መስሎኝ ነበር። አባየ ግን ቀስ ብሎ "መድኃኒት አይደለም መምሬ። ቃል ኪዳን ነው። ሰው ተኝቶ አይዳርም" አላቸው። መምሬም "አንተን ጦርነቱ ነው ያጠፋህ" ብለው ሄዱ። ሁለቱም ያሉትን ያሉት ከልባቸው ነበር፤ ያን ያህል አውቃለሁ።

እኔ ማታ ማታ ያችን ወንጌል ከአባየ ጋር እየቆጠርሁ ማንበብ ያዝሁ። አንዱን ገጽ ለመጨረስ ፋኖሱ ጋዝ ይጨርሳል። ምን አሳመነህ ብትሉኝ፣ የቃል ጥበብ የለኝም፤ ሲነበብ የሚጠራው እኔን መሰለኝ። ሌላ ሰው ነው ብዬ ዞር ብዬ አየሁ፣ ከኋላዬ ማንም የለም። እንዲህ ነው የሆነው። ወዲያው ለአባየ ነገርሁት።

"አባየ፣ እኔም ልጠመቅ።"

"አይሆንም።"

"ለምን?"

"እኔ ስለተጠመቅሁ ነው እምትጠመቀው።"

"አይደለም!"

"ካልሆነ ሂድና ለመምህሩ ራስህ አስረዳ። እኔ አልወስድህም። በአርባ ቀንህ ተሸክሜ ወስጄሃለሁ፤ ሁለተኛ አልሸከምህም።"

ተናደድሁበት። የሰው አባት ልጄ እኔን ይምሰል ብሎ ይለምናል፣ የእኔ አባት ይከለክላል። አሁን ሳስበው ግን ከሰጠኝ ነገር ሁሉ የሚበልጠው ያ ክልከላ ነው።

በዚያው ሰሞን ነው የጎረቤታችን ካሳ የተከፈለው። በሬው የሰው በሬ ወግቶ ገድሎ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ካሳውን እስኪያመጣ አያ ብዙነህን ዋስ ጠርቶ ነበር። አያ ብዙነህ በእኛ በኩል የታወቁ ዋስ ናቸው፤ እሳቸው የቆሙለት ሰው ታምኖ ቤቱ ያድራል። ጎረቤታችን ምትክ በሬውን እየነዳ ሽማግሌዎቹ ወደሚቀመጡበት ዋርካ ሥር መጣና "ካሳዬ ይኸው፣ እኔም ይኸው ቆሜያለሁ፤ ዋሴ ይውረድልኝ" አለ። ሽማግሌዎቹ "ወርዷል" አሉ። የአያ ብዙነህ ትከሻ ቀለል ሲል በዓይኔ ያየሁ መሰለኝ።

እኒህ አያ ብዙነህ የእኔ ክርስትና አባት ናቸው። ቤት ገብቼ እማየን ጠየቅኋት።

"ክርስትና አባት ምን ያደርጋል?"

"ገና አፍ ሳይኖርህ አፍ የሚሆንህ ነዋ! አንተን ተክቶ ቆሞ፣ ቃል የሚሰጥልህ።"

ይህማ ዋስ ነው አልሁ በሆዴ። ሰውየው እስከ ዛሬ በእኔ ጉዳይ ተይዘው ኖረዋል ማለት ነው! እኔ እያለሁ እሳቸው እንደተያዙ ውሃ ብገባ ነውር አይደለም? ዋሱን ሳያወርድ በጎን የሚሄድ ሰው ምን እንደሚባል ማንም የፎገራ ልጅ ያውቀዋል።

መምህር ታደሰ ቤት ስሄድ ሰዎቹ ተሰብስበው ነበር። አባየም ጥግ ተቀምጧል፤ ቀና ብሎ አላየኝም። መምህሩ በመጀመሪያ "ትንሽ ነህ፣ አንድ ዓመት ቆይ" አለኝ። አልቆይም አልሁት። "አባትህ ስለተጠመቀ ነው?" ሲለኝ፣ "አባየ ነገ ቢተወው እኔ አልተውም" አልሁት። አባየ ጥጉ ላይ ሳል ያዘው። መምህሩ ብዙ ጠየቀኝ፣ ሁሉንም መለስሁ። በመጨረሻ "በል እንግዲህ እናጠምቅሃለን" ሲል፣ "ገና ነኝ፤ ዋስ አለብኝ" አልሁት።

መምህሩ ግራ ገባው። "የምን ዋስ? ሰርቀህ ነው እንዴ?"

እሱ የእኛ አገር ሰው አይደለም። ባስረዳው ባስረዳው "ይህማ አያስፈልግም፣ በእግዚአብሔር ፊት አንተው ነህ" ይለኛል። በእግዚአብሔር ፊትስ እሽ፣ በአያ ብዙነህ ፊትስ? አባየ ያኔ ነው የተናገረው። "ተወው መምህር። ልጁ ያለው ገብቶኛል። የራሱ ነገር ነው፣ ራሱ ይጨርሰው።"

በጊዮርጊስ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ተቀምጠዋል። አያ ብዙነህ መሐል፣ መምሬ አስረስ ከጎናቸው። እኔ ቡሪትን ከነጥጃዋ እየነዳሁ ደረስሁ። አያ ብዙነህ ክርስትና ስነሣ ጊደር ሰጥተውኝ ነበር፣ ቡሪት የዚያች ጊደር ልጅ ናት። ቤታችን ያለች አንድ የምትታለብ ላም እሷ ነበረች። እማየ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ጠብቄ ነው ያወጣኋት።

"ያችን ላም ወዲያ አርቅ!" አለኝ አንዱ ሽማግሌ።

"አቤቱታ አለኝ" አልሁ።

"ማን በደለህ? ጥጃዋ?"

ሁሉም ሳቁ። ሳቃቸው እስኪያልቅ ቆምሁ። "ማንም አልበደለኝም። ዋሴ ይውረድልኝ ብዬ ነው።"

"ዋስህ ማን ነው?"

"ክርስትና አባቴ ናቸው" ብዬ አያ ብዙነህን አሳየሁ።

ሳቁ ቀጥ አለ። መምሬ አስረስ ብድግ አሉ። "ይህ የአባቱ ሥራ ነው! እሱ ነው የላከው!"

"አባየ አልላከኝም። እንዲያውም አልወስድህም ብሎኛል።"

"ክርስትና አባት ዋስ ነው ያለህ ማን ነው? አባት ነው፣ አባት!"

"ታዲያ ለእኔ ቃል የሰጠልኝ ማን ነው?"

"ወይ ጉድ! ከእንቁላል የወጣ ጫጩት ሊሟገተኝ ነው!"

አያ ብዙነህ እጃቸውን አነሡ። "መምሬ ይቀመጡ። የተጠራሁት እኔ ነኝ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ጥጋቡ።"

"አቤት።"

"ምን አጎደልሁብህ?"

ይህን አላሰብሁትም ነበር። ይቆጣሉ ብዬ ነበር የመጣሁት፤ ድምፃቸው ግን ዝቅ ያለ ነው። ያዘኑ መሆናቸው ያኔ ገባኝ። የቡሪትን ገመድ ጠበቅ አደረግሁ።

"ምንም አላጎደሉብኝም።"

"ዋስ እሚወርደው ወይ ዋሱ ሲያጓድል ነው፣ ወይ ነገሩ ሲያልቅ ነው። የትኛው ነው?"

"ባለ ጉዳዩ ራሱ መጥቷል" አልሁ። "ያኔ አፍ አልነበረኝም፣ እርስዎ ሆኑልኝ። አሁን አፍ አለኝ።"

"አፍስ አለው!" አለ ከወዲያ አንዱ።

አያ ብዙነህ አልሳቁም። "ወደ ምዕራብ ዞሬ ሰይጣንን ካድሁልህ። ወደ ምሥራቅ ዞሬ አመንሁልህ። ይህን ሁሉ ስናገርልህ አንተ ምን ታደርግ እንደነበር ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"አዲሱን ኩታዬን አበሰበስኸው።"

ዋርካው ሥር ያለው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። መምሬ ሳይቀሩ በጭራቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ሳቁ ሲበርድ አያ ብዙነህ ላሚቱን አዩ።

"እሷ ምን ልታደርግ መጣች?"

"ዋስነትዎ ከወረደ፣ የሰጡኝም ይመለስ ብዬ።"

"እናትህ ታውቃለች?"

"ስታውቅ ትገድለኛለች።"

"ጊደሯን የሰጠሁት ለልጅ ነው፣ ለዋስትና ዋጋ አይደለም። ነድተህ ተመለስ፣ ሳትሞት።" ከዚያ በዱላቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። "ስለ ሌላው ግን ስማ። እኔ የእናንተን ነገር አልወደውም። አባትህንም ነግሬዋለሁ። ነገር ግን ሰው በእግሬ እቆማለሁ ካለ፣ ሲቆም ሳላየው አልወርድም። ወንዙ ዳር እመጣለሁ። በዚህ ጆሮዬ ልስማህ። ካጉተመተምህ ዋስህ እንደሆንሁ እሞታለሁ።"

"እዚያ ሊሄዱ ነው አያ ብዙነህ?" አሉ መምሬ።

"ዋስ ባለ ጉዳዩ ያለበት ድረስ ይሄዳል፣ መምሬ።"

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ በእሑድ ጠዋት፣ ርብ ወንዝ ወረድን። ጭቃው ያን ሽታ ይሸታል። የሰፈር ልጆች ሊስቁ መጥተው ዳርቻውን ሞልተውታል። አያ ብዙነህ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ውሃው እንዳይነካቸው ራቅ ብለው፣ ዱላቸው ላይ ተደግፈው ቆመዋል። ሸምበቆው ጀርባ ደግሞ የእማየ ነጠላ ታየኝ፤ አልመጣም ብላ ነበር።

ውሃው ደረቴ ደረሰ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መምህር ታደሰ እጁን ጀርባዬ ላይ አድርጎ ጠየቀኝ።

"ጥጋቡ፣ ኢየሱስ ክርስቶስ ጌታህና አዳኝህ እንደሆነ ታምናለህ?"

"አምናለሁ" አልሁ። ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ነው፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝ።

መምህሩ ሊያጠልቀኝ ሲል ከዳር አንድ ድምፅ ጮኸ። "አልተሰማም!"

መምህሩ ደነገጠ። ልጆቹ መሳቅ ጀመሩ። ያኔ ሌላውን ሁሉ ረሳሁት፤ ብርዱንም፣ ልጆቹንም፣ እማየንም። አንድ ሰው ለእኔ ሲል አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ቆሟል፣ የሚያስቀምጠው የእኔ ድምፅ ብቻ ነው። ሆዴን ሞልቼ ጮኽሁ።

"አምናለሁ! እኔው ራሴ አምናለሁ! ማንም አልላከኝም!"

ጣራ ገዳም ያሉት መነኮሳት ሳይሰሙኝ አልቀሩም።

"ተሰማ!" አሉ አያ ብዙነህ። "ወርጃለሁ!"

ወዲያው ውሃው ከላዬ ገጠመ። ጨለማ ነው፣ ጸጥታ ነው፣ ጭቃ ጭቃ ይላል። ስወጣ ዓይኔን እንኳ ሳልጠርግ ውሃውን አየሁ፤ ምንም ቅባት አልነበረም። ቀና ስል የአያ ብዙነህን ጀርባ አየሁ። ወደ መንገዱ እየወጡ ነው። ዞር ብለው አላዩኝም፤ አረማመዳቸው ግን የከበደ ሰው አረማመድ አልነበረም። እማየ ከሸምበቆው ወጥታ በደረቅ ጋቢ ጠቀለለችኝ። "ደንቆሮ! ብርድ ይግደልህ!" እያለች ፀጉሬን ታሻሻለች።

ማታ ቤት ውስጥ የተነሣው ጨዋታ ግን ስለ ጥምቀቱ አልነበረም፣ ስለ ወንፈል ነበር። በነጋታው የአያ ብዙነህ ሽምብራ የሚዘራበት ቀን ነው። እሳቸው በክረምቱ የእኛን ማሳ በበሬዎቻቸውና በልጆቻቸው አርሰውልናል፤ ብድሩ የእኛ ነው። አባየ በዚያ እጁ እርፍ አይጨብጥም። እስከዚያ ቀን በእኛ ፈንታ ያርስ የነበረው የእማየ ወንድም "ለጴንጤ ቤት ተወክዬ አልሄድም" ብሎ ልኳል።

"ምናልባት አይፈልጉንም ይሆናል" አለ አባየ።

በነጋታው ከሁሉም ቀድሜ ተነሣሁ። በሬዎቻችንን ቡሬንና ዳልቻን ከበረቱ አወጣሁ፣ ሞፈርና ቀንበሩን ተሸክሜ ሜዳውን አቋረጥሁ። ማሳው ላይ የደረሱት ሰዎች ሲያዩኝ ወሬያቸውን አቆሙ። አያ ብዙነህ የዘር ቁናቸውን እንደያዙ ጠበቁኝ።

"ምን ልትሠራ መጣህ?"

"ወንፈል አለብን።"

"ማን ሊያርስ?"

"እኔ።"

"አርሰህ ታውቃለህ?"

"ጓል ከስክሻለሁ እንጂ አርሼ አላውቅም።"

ሰዎቹን አዩ፣ በሬዎቹን አዩ። ከዚያ የራሳቸውን ጅራፍ አቀበሉኝ። "እንግዲህ ዋስ የለህም፣ ጥጋቡ። ትልምህ ቢጣመም ያንተው ነው።"

"የእኔው ይሁን" አልሁ።

በሬዎቹን ጠመድሁ። እርፉን በግራ እጄ ጨብጬ ተጫንሁት፤ ማረሻው እርጥቡን አፈር ነከሰ፣ ያ ሽታ ፊቴ ላይ ወጣ። ከማሳው ማዶ አንዲት ግራር ቆማለች። ዓይኔን እሷ ላይ ተክዬ "ሂድ ቡሬ!" አልሁት።